ሙያው ይሻገራል፣ ወርክሾፑ ግን አይሻገርም

የሚወለቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከአፍ ተጀምሮ በአፍ የሚያልቅ ሥራ ነው። መጀመሪያ የድዱ ልክ ይወሰዳል፤ ልኩ ላይ ጀሶ ፈስሶ የአፉ ቅርጽ ይወጣል፤ ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ታካሚው ይሞክራቸዋል፤ ንክሻው ከተስማማ ሰሙ በሙቅ ውኃ ቀልጦ ይወገድና ቦታውን አክሪሊክ ይይዛል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ድዱን እየወጋ ያስቸገረውን ጠርዝ ደጋግሞ መሞረድ አለ። በእኛ ሀገር በተለመደው አሠራር ልኩን የሚወስደው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጥርሱን የሚሠራው ላቦራቶሪ ነው። ካናዳ ውስጥ ግን ዴንቸሪስት የተባለው ባለሙያ ሁለቱንም ይሠራል። የአሜሪካዋ ኦሪገንም እ.ኤ.አ. በ1978 በሕዝብ ድምፅ ይህንኑ ፈቅዳለች።

እንዲህ ያለ ባለሙያ አዲስ አበባ ፈቃድ አግኝቶ ቢሠራና ነገ ቡራዩ ልክፈት ቢል ምን ይደረግ? ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ከመዲናዋ ጋር ተያይዘዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ታካሚው በታክሲ ሲሄድ ወሰኑን ልብ አይለውም፤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ግን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር መሆኑ ይቀርና የኦሮሚያ ክልል ይሆናል። የእኔ ሐሳብ ሁለቱን ፈቃዶች እንለያቸው ነው። አንዱ የሰውየው ችሎታ ነው፤ ይህ አንዴ ከተመዘነ መንገድ ስለተሻገረ አይጠፋምና እንደገና ከሀ መፈተን የለበትም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሀገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት ሰጥቷል። ሌላው ወርክሾፑ ነው። የጀሶ ብናኝና የአክሪሊክ ፈሳሹ ጠረን የሚወጣበት መስኮት፣ ከአፍ የወጣው ልክ በጀርም ማጥፊያ የሚታከምበት ሥርዓት አብረው አይሻገሩም፤ ስለዚህ ቡራዩ ያለው ቡራዩ ላይ ይፈተሽ።

«የሐሰት ማስረጃ በበዛበት ሀገር ይህ አደጋ ነው» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ፈተናው ግን መፍትሔ አይሆነውም። ፈቃዱ ሐሰተኛ መሆኑን የሚያጋልጠው ሰጪውን አካል በቀጥታ መጠየቅ ነው፤ ወረቀቱን አመልካቹ ራሱ ተሸክሞ ከመጣማ ማጣራቱ ከንቱ ነው። የሥነ ምግባር ክስ ካለበትም የሚታወቀው ከዚያው ነው። ካናዳ እንደኛው ፌዴራላዊ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በተሻሻለው የውስጥ ንግድ ስምምነቷ በአንዱ ክፍለ ሀገር ፈቃድ ያለውን ባለሙያ ሌላው ያለ ተጨማሪ ትልቅ ሥልጠና እንዲቀበል አድርጋለች።

ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ፣ በተለይ ባለሙያው ከውጭ ሀገር ሲመጣ፣ የሥራ ወሰን ልዩነት ነው። በእንግሊዝ ክሊኒካል የጥርስ ቴክኒሺያን ጥርስ ለሌለው ሰው ሙሉ ጥርስ በቀጥታ ይሠራል፤ ታካሚው የራሱ ጥርስ ካለው ግን ሐኪም አስቀድሞ ማየት አለበት። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ የኖረ ሰው በአፍ ውስጥ የሚወጣ ካንሰርን ከተራ ቁስል ለይቶ ለሐኪም መላክ ላይችል ይችላል። የጎደለው ይህ ከሆነ በዚሁ ብቻ ይፈተን፤ ለሃያ ዓመት ሲሠራው የኖረውን የሰም ድርደራ ለምን እንደገና ያስመስክር? በሕግ የተፈቀደለትን ወሰንም ፈቃዱ ላይ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሰበታም ሆነ ሱሉልታ ጥርስ ልታሠሩ ስትገቡ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የባለሙያውንና የቤቱን ፈቃድ ለየብቻ ጠይቁ።