ያውቁ ኖሯል? ከደብረ ብርሃን አንኮበር በብስክሌት

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመኪና አጭር ነው፤ ለብስክሌት ግን ሙሉ ቀን ቢሰጡት ይገባዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል። ከቆላ የመጣ ጋላቢ በትንሽ ዳገት ቢያለከልክ አይፈረድበትም።

ከሁሉ የሚደንቀው የውሃው ነገር ነው። ማለዳ የሚሻገሩት የበሬሳ ወንዝ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። አንኮበር አፋፍ ሲደርሱ ግን ዝናቡ የሚወርደው በተቃራኒው፣ ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። በአንድ ቀን ፔዳል ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው መሻገር ማለት ነው!

ግራና ቀኙ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ ማሳ ነው፤ በየደጁ ኩበት ተከምሯል። የአገሩ ገብስ የጋላቢም ስንቅ ነው። በሶው ከተቆላ ገብስ ስለሚፈጭ እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ጨው ጠብ አድርገው ጨብጠው፣ ማሳ ዳር ቁጭ ብለው መብላት ነው። መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ፤ ከኅዳር ጀምሮ የማለዳው ውርጭ ጣት ያደነዝዛል፣ ጓንት አይርሱ።

ብርቱ የሆነ ከአንኮበር ወደ ጥንቱ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ፣ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ይቀጥላል። እዚያ ላይ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን እያፈራረቁ ይያዙ፤ ሳይለቁ ከያዙት ቸርኬው ይግልና ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል።