የጣና ዓሣ፣ ሜርኩሪ እና ጸጉራችን

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ዶክተር፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የጣና ዓሣ ሜርኩሪ አለው ሲባል ሰምቼ ተውኩት፣ ልክ ነኝ?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል።

ሜርኩሪ ያው ባዜቃ የምንለው ነው፤ በድሮው የብርጭቆ ቴርሞሜትር ውስጥ የሚያብረቀርቀው። ሐይቅ ሲገባ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል ዓይነት ይቀይሩታል። ከዚያ ትንሹን ዓሣ ትልቁ ሲበላው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ ሌላ ዓሣ እየበላ የሚያድገው ብዙ ይይዛል፣ አልጌ የሚበላው ቆሮሶ ግን ትንሽ ነው። ብንጠብሰውም ብንቀቅለውም አይወጣም። የሚያሰጋው በእንግዴ ልጅ አልፎ የጽንሱን አእምሮ መጉዳቱ ነው።

ታዲያ ሰው ምን ያህል እንደወሰደ በምን ይታወቃል? በጸጉር! ሜቲል ሜርኩሪ ከደም ወደ ጸጉር ይገባና እዚያው ይቀራል። ጸጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ከሥሩ የተቆረጠ 3 ሳንቲ ሜትር ያለፉትን ሦስት ወራት ይናገራል።

ይህ እኛው አካባቢ ተሠርቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገ ዳሰሳ አንዳንድ የጣና ዓሣ ዝርያዎች ከዓለም አቀፉ የደህንነት ልክ አልፈው ተገኙ። ያስደነግጣል አይደል? በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የሰዎቹን ጸጉር ለካ፦ የዓሣ አጥማጆች፣ የኮሌጅ ሰዎችና የቀን ሠራተኞች። በ1 ግራም ጸጉር የአጥማጆቹ አማካይ 0.120 ማይክሮግራም፣ የኮሌጆቹ 0.018 ነበር። ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው፤ ዓሣ አዘውትሮ መብላት ጸጉር ላይ ይታያል ማለት ነው። ግን ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚወሰደው ልክ 1 ማይክሮግራም ነው። የአጥማጆቹ አማካይ እንኳ ከዚያ በብዙ ያንሳል።

ነፍሰ ጡሮችን ለብቻ ያየ ጥናት ባይሆንም፣ ለእህቴ መልሴ «ብዪ» ነው። በሳምንት ሁለቴ ቆሮሶ ለአንቺም ለልጅሽም ጥሩ ምግብ ነው፤ ትልልቁን ዓሣ በል ዓሣ ብቻ እስክትወልጂ ቀንሺ። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ትቻለሁ።)

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላው ግኝት ነው። ቆዳ የሚያነጣ ሳሙና በየቀኑ የሚጠቀሙት ሰዎች ጸጉር ውስጥ የተገኘው ሜርኩሪ ከማይጠቀሙት 2.5 እጥፍ ነበር! ዓሣውን ፈርታ የተወች ሴት ፊቷን በምን እንደምትታጠብ አትጠየቅም። ሜርኩሪ ያለበት ማንጫ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፤ እሱን ለመለካት ደግሞ ከጸጉር ይልቅ ሽንት ይሻላል። ከገበያ የገዛችሁት ሳሙናም ሆነ ክሬም ይዘቱ ካልተጻፈበት ወይም «ሜርኩሪ»፣ «ካሎሜል» የሚል ካያችሁበት ዛሬውኑ አቁሙት። ፊታችሁ ወይም እግራችሁ ካበጠ ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ኑ፤ የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ቀላል ነው።