በአንድ ግንድ ላይ ብርቱካንና ሎሚ

ግራፍቲንግ የአንድን ዛፍ ዓይን፣ ማለትም አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣበትን ጉጥ፣ በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ አጣብቆ የማሳደግ ዘዴ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ሰው ሳም ቫን አከን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዚሁ ዘዴ ኮክ፣ ፕሪምና ቼሪን የመሳሰሉ 40 ዝርያዎችን በአንድ ዛፍ ላይ እየሰበሰበ ሕያው የጥበብ ሥራ ፈጥሯል። እነዚያ ዛፎች ለማበብ ረጅም የቅዝቃዜ ወራት ስለሚሹ፣ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኘው ሞቃታማዋ ድሬዳዋ አትስማማቸውም፤ ለእርሷ የሚሆኑት የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ባለው ቶኒ እርሻ የሚመራመርባቸው የብርቱካን ወገኖች ናቸው። ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሎሚ፣ ትርንጎና ግሬፕፍሩት በአንድ ግንድ ላይ አብረው ያፈራሉ፤ ማንጎና ዘይቱን ግን የሌላ ቤተሰብ በመሆናቸው ከእነርሱ ጋር አይገጥሙም።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ በመሠረተ ግንዱ፣ ማለትም ሥሩን በሚሰጠው ችግኝ፣ ቅርፊት ላይ «ቲ» ቅርጽ ተሰንጥቆ ዓይኑ ይገባበትና በፕላስቲክ ይታሰራል።

በሰፊው ሊነገርለት የሚገባው፣ ፍሬዎቹ «ይደባለቃሉ» የሚለው ስሕተት ነው። መሠረተ ግንዱ ውኃና ማዕድን ያቀብላል፣ የዛፉን ቁመትና በሽታን የመቋቋም ኃይሉን ይወስናል፣ የፍሬውንም ጥራት በመጠኑ ይነካል፤ ነገር ግን መንደሪኑ መንደሪን፣ ሎሚውም ሎሚ ሆኖ ይቀራል፤ የየቅርንጫፉ ሕዋሳት የየራሳቸውን ዘር እንደያዙ ይኖራሉና። «ብርቱካናችን ከጊዜ ብዛት ወደ መራራ ተለወጠ» የሚሉ ባለቤቶች ዛፉን ያለ ጥፋቱ ይወቅሱታል፤ የተለወጠ ነገር የለም፤ ከመጋጠሚያው በታች የበቀለው የመሠረተ ግንዱ ቡቃያ በቸልታ ሳይነቀል ቀርቶ የላይኛውን አካል አቀጭጮታል እንጂ። ይህን ቡቃያ መለየት አያስቸግርም፤ ብዙ ጊዜ እሾኻም ሲሆን፣ መሠረቱ ትሮየር ሲትሬንጅ የተባለው ዝርያ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቅጠሉ በሦስት የተከፈለ ነው።

ብዙ ፍሬ የተሸከመ ዛፍ ውበቱን የሚጠብቀው በመቀስ ነው፤ ሎሚው ከሌሎቹ ፈጥኖ ስለሚያድግ ካልተገረዘ መንደሪኑን ይሸፍነዋል። ዓይን ከየጎረቤቱ ዛፍ መልቀምም የማይመከር ልማድ ነው፤ ትሪስቴዛ የተባለው የብርቱካን ቫይረስ በታመመ ዓይን ስለሚተላለፍና ሁሉም ቅርንጫፎች በአንድ ግንድ ስለሚመገቡ፣ አንድ የታመመ ዓይን ሙሉውን ዛፍ ሊበክል ይችላል፤ በተለይ መሠረተ ግንዱ መራራ ብርቱካን ሲሆን ጉዳቱ ዛፉን እስከ ማድረቅ ይደርሳል።