ያልተመረመረ ሟች አይቆጠርም

«ባለፉት 24 ሰዓታት በተደረገው የላቦራቶሪ ምርመራ…» ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ካለ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሬዲዮም ስልክም አጠገቡ አልነበረም ማለት ነው። የጤና ሚኒስቴር የዕለት መግለጫ መልኩ አይለወጥም ነበር፦ የተመረመረ፣ የተያዘ፣ ያገገመ፣ የሞተ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ፣ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 27 ደግሞ የመጀመሪያው ሞት ተሰማ። ከዚያ ቆጠራው ቀስ እያለ ሲያድግ ቆይቶ ከ7,500 አለፍ እንዳለ ቆመ። ሕዝቧ ከ110 ሚሊዮን በሚበልጥ አገር!

ቁጥሩን ማንም ከኪሱ አላወጣውም። ሕዝቡ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ ሲሆን፣ መግለጫው የሚመልሰው ግን ናሙና ከተወሰደላቸውና ቫይረሱ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ስንቱ እንዳረፉ ነበር። ቤቱ ተኝቶ «ብርድ መቶት ነው» እየተባለ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሲቀርብለት ሰንብቶ የሞተ ሰው እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም ነበር። በአንድ ወቅት ከአስከሬን በተወሰደ ናሙና ቫይረሱ የተገኘባቸው ሟቾች በመግለጫው ውስጥ መጠቀስ ሲጀምሩ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ማንም አልቆጠራቸውም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል በግልጽ ያሳየው ሉሳካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ በዛምቢያ ዋና ከተማ ትልቁ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል የገቡ 364 ሟቾችን መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 70ዎቹ ላይ የቫይረሱ ምልክት ተገኘ። ከ70ዎቹ 51ዱ የሞቱት ከሆስፒታል ውጭ ነበር፤ ከመሞታቸው በፊት ከእነርሱ አንድም የተመረመረ አልነበረም። ሆስፒታል ውስጥ ካረፉት 19 ሰዎች እንኳን የተመረመሩት 6 ብቻ ናቸው። በዚያው ሰሞን «አፍሪካን ኮሮና ለምን ማራት?» የሚለው ክርክር በየሚዲያው ደርቶ ነበር። ወጣት ሕዝብ መኖሩ በእርግጥ ጠቅሟል። ግን አስከሬን ክፍል ውስጥ ያልተፈለገ ቫይረስ የለም ብሎ መደምደም ድፍረት ነው።

የእኛም አገር ማስረጃ ከዚህ አይርቅም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረገ የደም ምርመራ፣ በነሐሴ 2012 ከ100 ሰዎች 11 ያህሉ ቫይረሱ እንደነካቸው የሚያሳይ አንቲቦዲ ተገኝቶባቸው ነበር። በየካቲት 2013 ቁጥሩ 54 ገደማ ደረሰ። ያን ጊዜ በመላ አገሪቱ በይፋ የተመዘገቡት ታማሚዎች 200 ሺህ አልሞሉም። የሆስፒታል ሠራተኛ ከሌላው ሰው ይበልጥ ለበሽታው የተጋለጠ ነው ብለን ብንቀንስ እንኳን፣ ልዩነቱ በመደመር ስህተት የመጣ አይደለም።

የሞተው በቅጡ ካልታወቀ ወረርሽኙ ጣሪያ የሚነካበትን ቀን መተንበይ እንዴት ይቻላል? ያኔ ግን ሁሉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር። መንግሥትም ትምህርት ቤት መቼ እንደሚከፍት፣ ምርጫ መቼ እንደሚያካሂድ ለመወሰን ይፈልገው ነበር። መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በሚያዝያ 2012 ባወጣው ሪፖርት፣ በአህጉሪቱ ከ300 ሺህ እስከ 3.3 ሚሊዮን ሰው ሊሞት እንደሚችል ገለጸ። ታችኛው ቁጥር ጥብቅ እርምጃ ከተወሰደ፣ ላይኛው ምንም ካልተደረገ የሚል ነው። ላይኛው የታችኛው አሥራ አንድ እጥፍ ነው። በየጋዜጣው ርዕስ ላይ የወጣው ግን አንደኛው ወይም ሌላኛው ቁጥር ብቻ ነበር፤ «ከተወሰደ» እና «ካልተደረገ» የሚሉት ቃላት መንገድ ላይ ወደቁ።

አሜሪካኖቹ ደግሞ በብዙ መረጃ ተሳሳቱ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጤና መለኪያና ግምገማ ተቋም የሠራው ሞዴል ዋይት ሀውስ ድረስ ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 መጀመሪያ እስከ ኦገስት ድረስ 60 ሺህ ያህል ሰው ይሞታል አለ፤ ያ ቁጥር ገና ኤፕሪል ሳያልቅ ታለፈ። ስህተቱ ያለው ስሌቱ ከተነሣበት ሐሳብ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ሞዴሉ የሟቾች መስመር በወጣበት ፍጥነት ይወርዳል ብሎ ያስብ ነበር፤ ይህን ያስተማረችው በጥብቅ የተዘጋችው ዉሃን ናት። ኒውዮርክና ሌሎቹ ከተሞች ግን እንደ ዉሃን አልተዘጉም። መስመሩ ጣሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ ለሳምንታት እዚያው ተጋደመ።

እኛ ጋ ደግሞ ጣሪያውን ራሱ ምርመራው የሚሠራበት ጊዜ ነበር። በነሐሴ 2012 ሰፊ የምርመራ ዘመቻ ሲጀመር የታማሚው ቁጥር በአንድ ወር ውስጥ በእጥፍ ድርብ ዘለለ። ዘመቻው ሲያበቃና ምርመራው ሲቀንስ ቁጥሩም ወረደ። ብዙዎቻችን «አለፈ» ብለን ጭምብሉን አገጫችን ላይ አወረድነው። ሆስፒታሎች ኦክስጅንና የፅኑ ሕሙማን አልጋ ያጡት ግን በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ ነው፤ ያን ጊዜ ከተመረመሩ አምስት ሰዎች ቢያንስ አንዱ ቫይረሱ ይገኝበት ነበር።

ከዚህ ሁሉ መውጫ ተብሎ የቀረበው በተለመደው ዓመት ሊሞት ከሚችለው ሰው በላይ ስንት ሞተ ብሎ መጠየቅ ነው። ማን ተመረመረ፣ ማን አልተመረመረም የሚለው ጣጣ ይቀራል። ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የሚመሩት የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2014 ይፋ ባደረገው ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ከወትሮው በላይ የሞተው ሰው 14.9 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ አገሮች በይፋ ያሳወቁት 5.4 ሚሊዮን ነበር። ለህንድ ብቻ 4.7 ሚሊዮን ሲሰጥ መንግሥቷ ያመነው ከ500 ሺህ በታች ስለነበር ኒው ዴልሂ ስሌቱን አልቀበልም አለች። የጀርመን ጉዳይ ግን ይበልጥ አስተማሪ ነው። ጀርመን እያንዳንዱን ሟች የምትመዘግብ አገር ናት። ድርጅቱ ለእርሷ ያወጣውን 195 ሺህ በሳምንታት ውስጥ ወደ 122 ሺህ ዝቅ አደረገው። ምክንያቱ «የተለመደው ዓመት» የተሰላበት መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥቂት ሰው ስለሞተ ስሌቱ ቀጣዮቹ ዓመታትም እንዲያው እየቀነሱ ይሄዳሉ ብሎ ጠበቀ።

ጀርመን እንዲህ ከሆነች፣ ሟቿን የማትመዘግብ አገር የሚሰጣት ግምት መዝገብ ካላቸው ሌሎች አገሮች የተበደረ ነው። ደቡብ አፍሪካ መዝገብ ስላላት፣ በይፋ 102 ሺህ ያህል የኮቪድ ሞት ብትመዘግብም ከወትሮው በላይ የሞተው ከ300 ሺህ እንደሚበልጥ ተመራማሪዎቿ በየሳምንቱ እየተከታተሉ ማሳየት ችለዋል። እዚያ ያለ ምዝገባ ወረቀት ቀብር የለም።

እኛም ባዶ እጃችንን አልነበርንም። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ መካነ መቃብሮች፣ በአብያተ ክርስቲያናቱም በሙስሊሙም ቀብር፣ የሚቀበረውን ሰው ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻና ቤተሰቡ የሚናገረውን የሞት ምክንያት ሲያስመዘግቡ ነበር። ዓላማው በኤችአይቪ የሚሞተውን ሰው መገመት ነበር። ማንም «ኤድስ ገደለው» አይልም፤ «የሳንባ በሽታ»፣ «አልማዝ ባለጭራ» ይላል፤ ተመራማሪዎቹም ከቃሉ ጀርባ ያለውን ማንበብ ለመዱ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣ ሞቱ በጉልህ መቀነሱ የታየው ከዚህ የቀብር መዝገብ ነው። እንከን የለውም አልልም፤ አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቀዬው የተሸኘ ሰው ያመልጠዋል። ቢሆንም ቀባሪ የምርመራ ኪት አይጠብቅም። የዕለቱ መግለጫ ላይ ግን አንድም ቀን የቀብር ቁጥር አልሰማሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ልደት ለትምህርት ቤት፣ ጋብቻ ለቪዛ ይፈለጋል፤ ሞት የሚመዘገበው በአብዛኛው ጡረታ ወይም ውርስ ሲኖር ነው። ውርስ ያልተወ ድሃ፣ ሕፃን፣ የገጠር አሮጊት ለምን ብለው ይመዝገቡ? እድሩ ግን ለሁሉም ገንዘብ ያወጣል፤ ጸሐፊው የሟቹን ስምና የሞተበትን ቀን ይጽፋል። ያን መዝገብ በየወሩ ዞሮ የሚገለብጥ የወረዳ ሠራተኛ መመደብ ከላቦራቶሪ ግዢ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ የሰፈርም፣ የመሥሪያ ቤትም፣ የአገር ልጆችም እድር ያለው ሰው ሦስት ጊዜ እንደሞተ እንዳይቆጠር አድራሻውንና የአባቱን ስም እያመሳከሩ ማጣራት ይጠይቃል።