ጠጕሯን የነካ ሆዷ ይገባል

ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጫሞ ሐይቅ የሚወርደው ኩልፎ በሚያልፍበት በአርባ ምንጭ፣ ሐሩረ ቀትሩ ሰውንም እንስሳንም ከጥላ ሥር በሚሰበስብበት ሰዓት፣ የቆሮሶ ዓሣ ትርፍራፊ የጠገበች ድመት ከማንጎ ዛፍ ግርጌ ተቀምጣ ሰውነቷን ስታነጻ ማየት የዘወትር ነገር ነው። አስቀድማ ከንፈሯንና ጢሟን ትልሳለች፤ ቀጥላም የፊት እግሯን መዳፍ በምራቋ አርሳ ከጆሮዋ ኋላ እስከ አፍንጫዋ ታወርደዋለች፤ ልሳኗ የማይደርስበትን ገጿን የምታጥበው እንዲህ ነው።

ይህን ሥራዋን ከንጽሕና ፍቅር ብቻ የመጣ አድርጎ የሚቈጥር ሰው የምሥጢሩን እኩሌታ ብቻ አግኝቷል። እየላሰች ቍንጫዋን ትለቅማለች፤ ደግሞም ከመዳፏ በቀር ይህ ነው የሚባል ላብ ስለማይወጣት፣ በጠጕሯ ላይ የቀባችው ምራቅ ሲተን ሙቀቱን ይዞላት ይሄዳል። ልሳኗን የዳሰሰ ሰው እንደ ሞረድ የሚሻክረው፣ ወደ ጕረሮ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾኾች ስለ በቀሉበት ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የእሾኾቹ ጫፍ እንደ ጭልፋ የጎደጎደ መሆኑንና ምራቅን ከአፍ ቀድቶ እስከ ቆዳዋ ድረስ እንደሚያደርስ ገለጡ፤ የአንበሳም ልሳን እንዲሁ ነው።

ነገር ግን እሾኹ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነውና ድመት በልሳኗ የያዘችውን መትፋት ስለሚቸግራት ትውጠዋለች። የዋጠችው ጠጕር አብዛኛው ከዐይነ ምድሯ ጋር ይወጣል፤ አንዳንዴም ተድበልብሎ ያስታውካታል። የባለቤቱ ጕዳይ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ቍንጫ ለማጥፋት ሲሉ ድመታቸውን ነጭ ጋዝ የሚቀቡ፣ ለከብት መዥገር የተበጠበጠውንም መድኃኒት የሚረጩባት ደጋግ ሰዎች አይቻለሁ፤ አሳባቸው ርኅራኄ ነው፤ እርሷ ግን የተቀባችውን ልሳ ትመረዛለች። ውሻ የሚቋቋመውን ፐርሜትሪን የተባለውን መድኃኒት እንኳ የድመት ጉበት በሚገባ ሊያፈርሰው አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ከፈሰሰባት ሳትልሰው በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ ወዲያውም ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል።

አንዱን ስፍራ ብቻ እስኪመለጥ የምትልስ ድመት ቍንጫ፣ ሕመም ወይም ጭንቀት ይኖርባታል። መላሱን ፈጽማ የተወችውና ጀርባዋ የተንጨፈረረው ግን ይልቁን ታሳስበኛለች፤ ጥርሷ ታሞ ወይም እርጅና መገጣጠሚያዋን አድርቆት አንገቷን ማዞር ተስኗት ይሆናልና። እንዲህ ያለችውን አንዲት አሮጊት ድመት በእርጥብ ጨርቅ ጀርባዋን ሳብስላት፣ ዐይኗን ጨፍና የገዛ መዳፏን መላስ ጀመረች።