ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፦ ከፕሬዚዳንትነት ወደ አንዲት የምክር ቤት ወንበር

በባሌ የሮቤና የጎባ መራጭ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልከው ሰው ተጠሪነቱ ለማን ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 አባላቱ ተገዢ የሚሆኑት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ ነው ይላል። ይህን ቃል በሕይወታቸው ከፈተኑት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው። ደምቢዶሎ የተወለዱት የታሪክ ምሁር የዶክትሬት ትምህርታቸውን በጀርመን ፍራንክፈርት አጠናቀው፣ በሽግግሩ ዘመን በሚኒስትርነት አገልግለዋል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ በሰብሳቢነት የመሩት እሳቸው ነበሩ። ከዚያው ዓመት ነሐሴ እስከ 1994 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ለእኔ ግን ከርዕሰ ብሔርነታቸው ይልቅ የሚበልጠው ከዚያ በኋላ የያዙት አነስተኛ ሥልጣን ነው። በወቅቱ ገዥ ከነበረው ግንባር ከኢሕአዴግ ተለይተው በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በትውልድ አካባቢያቸው በግል ተወዳደሩና አሸነፉ፤ ከ547 መቀመጫዎች በአንዱ ለአንድ የሥራ ዘመን ተቀመጡ። ዋጋም ከፈሉበት። አዋጅ ቁጥር 255/1994 የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ገለልተኛ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ በመወዳደራቸው ምክንያት ጥቅማ ጥቅማቸውን አጡ። የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ከፉክክር በላይ መሆን አለበት የሚለው ክርክር ክብደት አለው። ነገር ግን በግል መወዳደርና ለፓርቲ መሰለፍ አንድ አይደሉም፤ መመረጥም የማንኛውም ዜጋ መብት ነው። ኑሮን መያዣ አድርጎ ይህን መብት ማጥበብ ከገለልተኝነት ይልቅ ዝምታን ያበረታታል።

አንድ ሰው በ547 መካከል ምን ይለውጣል የሚልም አይጠፋም። ድምፅ ሲቆጠር በእርግጥ ብዙ አይለውጥም። ሆኖም የምክር ቤት ሥራ ሕግ ማጽደቅ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብን ቅሬታ በአደባባይ ማሰማትም ነው። የባሌ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በመሬት፣ በግብርና በአስተዳደር በደል የተነሳ ሕዝቡ ጠመንጃ ሲያነሳ፣ አዲስ አበባ ላይ በምርጫ የተቋቋመ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነበረ። ወንበር ነበረ፤ በደሉን ከጦርነት በፊት የሚፈታ አቅም ግን አልነበረውም። ስለዚህ ጥያቄው የተወካዩ ብዛት ወይም የሥራ ዘመኑ ርዝመት ሳይሆን ነጻነቱ ነው።

ዶክተር ነጋሶ በኋላ የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆነው፣ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በጀርመን አረፉ። አንቀጽ 54 ተመራጩ አመኔታ ሲያጣ መራጩ ሊያነሳው እንደሚችልም ይደነግጋል። እንግዲህ የባሌ መራጭ ሆይ፣ ዕጩው ደጅህ ሲመጣ ከየትኛው ፓርቲ እንደሆነ ብቻ አትጠይቀው፤ ፓርቲውና ሕሊናው ሲጋጩ ለማን እንደሚታዘዝም ጠይቀው።