«ሰው አለሽ?»

በ2012 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስወጣ፣ ጎረቤታችን ስለ ውጤቴ አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ሰው አለሽ?» ነው ያሉኝ። ሰው ማለት ስልክ የሚደውልልሽ ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ነው።

የማስረጃዬን ኮፒ በክላሰር ይዤ ስዞር ከረምኩ። በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተና አንደኛ ወጣሁ፤ ስሜ ከሰሌዳው አናት ላይ ተለጥፎ በዓይኔ አይቻለሁ። ለቃል ፈተና ስገባ ሦስት ጥያቄ ጠይቀው ሸኙኝ። አንደኛው ፈታኝ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። የተቀጠረችው በጽሑፉ ስምንተኛ የነበረች ልጅ ናት። በእሷ አልፈርድም፤ እሷም እንደኔ ቤት መቀመጥ አንገሽግሿት ይሆናል።

ያኔ ይሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ክፍት የሥራ መደብ የሚያዘው ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ፣ ተወዳድሮ ብልጫ ባገኘ ሰው ነው ይል ነበር። ቀዳዳው ያለው ቃለ መጠይቁ ላይ ነው። የጽሑፍ ፈተና የመልስ ወረቀት አለው፣ ቅሬታ ሲቀርብ ይመረመራል። የቃል ነጥብ ግን ከፈታኙ ብዕር ሌላ ምስክር የለውም። አንዳንዴ ደግሞ ማስታወቂያው ራሱ በአንድ ሰው ልክ ተሰፍቶ ይወጣል።

ዛሬ እኔም ፈታኝ ነኝ። በቀደም የአጎቴ ሚስት ደውለው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» አሉኝ፣ ለልጃቸው። ትመዝገብና ትፈተን፣ እኔ ግን ከፈታኝ ኮሚቴው እወጣለሁ አልኳቸው። እስካሁን ስልኬን አያነሱም።